የምናውቀውን ለምን አናደርገውም?

(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍል ሰው ወደዚህ መድረክ ሲወጣ ምን እንደምትጠብቁ እናውቃለን። ቁጠባው ይህን ያህል፣ ብድሩ ይህን ያህል፣ ያልተመለሰው ይህን ያህል። እሱን ሪፖርት ጠዋት አቅርበን ጥያቄያችሁንም ተቀብለናል። አሁን ልናወራችሁ የመጣነው ስለ ጤና ነው። ሐኪሞች አይደለንም፣ ነርሶችም አይደለንም። የተማርነው ሂሳብ ነው፣ ያውም በዲፕሎማ። ሆኖም መዝገብ የሚይዝ ሰው፣ ሌላው የማያየውን አንዳንድ ነገር ያያል።

በብድር መጠየቂያ ቅጻችን ላይ «የብድሩ ምክንያት» የምትል መስመር አለች። ለጉልት ንግድ፣ ለእንጀራ ምጣድ፣ ለዶሮ እርባታ፣ ለልጅ ትምህርት የሚለውን ስንሞላ ደስ እያለን ነው። «ለህክምና» የሚለውን ስንጽፍ ግን እጃችን ይከብዳል። ለምጣድ የተበደረች እህት ብድሩን ምጣዱ ራሱ ይከፍልላታል። ለህክምና የተበደረች እህት ግን የምትከፍለው ከጉልቷ አንስታ፣ ከልጆቿ አፍ ቀንሳ ነው። አንዳንዴም የወለደችው በግ ሳይቀር ይሸጣል።

ስለ አንዲት እህታችን እንንገራችሁ። «ታሪኬን ንገሩ፣ ስሜን ተዉት» ብላ ፈቅዳልናለች። ይህች እህታችን በማህበሩ የተሰጠውን የደም ግፊት ሥልጠና ሁለቱንም ቀን ተካፍላለች። የተገኙ ሰዎች ዝርዝር ላይ ፊርማዋ አለ፤ ጥሩ፣ ቀጥ ያለ ፊርማ ነው። ዓመት ሳይሞላ በዚያው ፋይል ውስጥ ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ የአስቸኳይ ብድር ቅጿ ተያይዟል። እዚያ ላይ ያለው ግን የግራ አውራ ጣቷ አሻራ ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎኗን ይዟት፣ እስክሪብቶ መጨበጥ አልቻለችም ነበር።

እነዚያን ሁለት ወረቀቶች አንድ ላይ ያየን ቀን ሥራ መሥራት አቃተን። የሥልጠናው ወጪ በትክክል ተወራርዷል። የአዳራሽ ኪራይ ደረሰኝ አለ፣ የሻይ ቡና ደረሰኝ አለ፣ የአሠልጣኙ ክፍያ ግብር ተቀንሶበታል። በሂሳብ ዓይን አንድም ስህተት የለም። ሴትየዋ ግን ወድቃለች።

ሻል ሲላት ቤቷ ሄደን ጠየቅናት። አላወቅሽም ነበር ወይ? አልናት። ሳቀች። «ሥልጠናውንማ ከእናንተ እኩል ተምሬዋለሁ። ከፈለጋችሁ አሁን እኔ ላሠልጥናችሁ» አለችን። እውነቷን ነው። ጨው መቀነስ እንዳለበት፣ መድኃኒቱ ደህና ነኝ ተብሎ እንደማይቋረጥ፣ ግፊት ምንም ምልክት ሳያሳይ እንደሚጎዳ አንድ በአንድ ነገረችን። ታዲያ ለምን አቋረጥሽ ስንላት የመለሰችው መልስ የዛሬው ንግግራችን መነሻ ሆነ። «ክኒኑን የምውጠው ቁርስ ስበላ ነበር። ጾም ገባ፤ ቁርስ ቀረ። ከቁርሱ ጋር ክኒኑም ቀረ። ፋሲካ ሲደርስ ምንም አላመመኝም፣ ደህና ነኝ ብዬ በዚያው ተውኩት።»

እዚህ ውስጥ አለማወቅ የለም፤ ስንፍናም የለም። ይህች ሴት ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስታ እንጀራ የምትጋግር ሴት ናት። የተበላሸው አንድ ትንሽ ነገር ነው። ክኒኑ ከቁርስ ጋር ታስሮ ነበር፤ ማሰሪያው ሲፈታ ክኒኑም ተፈታ።

ስለ ልማድ የሚያጠኑ የሥነ ልቦና ሰዎች የሚሉትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ልማድ ማለት ሳናስበው የምናደርገው ነገር ነው። የሚቀሰቅሰውም ሐሳባችን ሳይሆን ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ከእሱ በፊት የነበረው ሥራ ነው። ጀበና ሲጣድ እጃችን ወደ ስኳሩ የሚሄደው ስለ ስኳር አስበን አይደለም። ጀበናው ስለጠራው ነው።

ሂሳቡን በእኛ መንገድ እንሥራው። የግፊት ክኒን ዛሬ ገንዘብ ያስወጣል፤ ዛሬ ጤና ጣቢያ ያመላልሳል፤ ዛሬ ይረሳል። ጥቅሙ ግን አይታይም፤ ምክንያቱም ጥቅሙ አንድ ክፉ ነገር ሳይመጣ መቅረቱ ነው። በስትሮክ ያልወደቀች ሴት ማታ ስትተኛ «ዛሬ አልወደቅሁም» ብላ እልል አትልም። በየቀኑ ወጪ ያለው፣ ገቢው ግን በመዝገብ የማይታይ ንግድ ቢኖር ከመካከላችን የትኛዋ ትቀጥለዋለች? ስለዚህ መድኃኒቷን ያቋረጠችውን እህት ለመሳደብ አንቸኩል።

ደግሞም እኛ ራሳችን ምን ንጹሕ ነን? በዓመቱ መጨረሻ ሂሳብ ስንዘጋ የሂሳብ ክፍሉን መጥታችሁ ያያችሁ ታውቁናላችሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበር አንነሳም። ሻዩ በሦስት ማንኪያ ስኳር ነው። የስኳር በሽታ መከላከያ በራሪ ጽሑፍ ያባዛነውና ያከፋፈልነው እኛው ነን፤ ወረቀቱን ለማስቀመጫ ሳህን አድርገን ብርጭቆውን እላዩ ላይ እናሳርፋለን።

ስለዚህ ጥያቄው «ሰዎች እንዲያውቁ እንዴት እናድርግ?» ከሚለው አልፎ «የሚያውቁትን እንዲያደርጉ ምን ይረዳቸዋል?» ወደሚለው መሄድ አለበት። ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የጠየቁ አሉ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ሥጋ እጥረት ነበር። መንግሥት ሴቶች ቤት ውስጥ ልብ፣ ኩላሊትና የመሳሰለውን የሆድ ዕቃ እንዲያበስሉ ፈለገ። ዱለት ለእኛ የክብር ምግብ ነው፤ ለእነሱ ግን ነውር ያህል ነበር። ኩርት ሌዊን የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ፣ በቀይ መስቀል የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚሠሩ ሴቶችን በቡድን በቡድን አድርጎ ሁለት መንገድ ሞከረ። ግማሾቹ ቡድኖች ጥሩ ትምህርት በንግግር ተሰጣቸው። ምግቡ እንዴት ገንቢ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚበስል ተነገራቸው፤ የአሠራሩ ወረቀትም ታደላቸው። የቀሩት ቡድኖች ደግሞ እርስ በርስ ተወያዩ። ባሌ ምን ይላል፣ ሽታውን እንዴት እናድርገው፣ ልጆቹ እምቢ ቢሉስ ተባባሉ። በመጨረሻም በሚቀጥለው ሳምንት ለመሞከር የምትፈልግ እጇን ታውጣ ተባለ። በኋላ ሲጠየቁ፣ ንግግር ብቻ ከሰሙት ውስጥ ከዚያ በፊት አብስለውት የማያውቁትን ሥጋ ያበሰሉት 3 በመቶ ነበሩ። ተወያይተው እጃቸውን ካወጡት ግን 32 በመቶ። ሌዊን ይህን በ1943 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል።

እኛም አሁን እየሰጠናችሁ ያለነው ንግግር ነው። ስለዚህ በሦስቱ በመቶ እንዳንቀር፣ በመጨረሻ እጅ እንድታወጡ እንጠይቃችኋለን። ከወዲሁ ተዘጋጁ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህንኑ ነገር ይዞ ነው የተነሳው። ሠራተኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ቤት ለቤት ይሄዳሉ። ትምህርቱን ተግባር ላይ ያዋለው ቤተሰብ ሞዴል ቤተሰብ ተብሎ ይመረቃል፤ ጎረቤትም ከእሱ እያየ ይማራል። ሰው ከፖስተር ይልቅ የጎረቤቱን ቤት አይቶ ይለወጣል። የጎረቤትሽ መጸዳጃ በር ላይ ውኃና ሳሙና ካየሽ፣ የአንቺ ባዶ ሲሆን ራስሽን ትታዘቢዋለሽ።

ከሁሉም የሚበልጠው ምሳሌ ግን በእያንዳንዳችን ቤት አለ። እሱም ጾም ነው። «እኔማ ያለ ሥጋ አንድ ሳምንት አልችልም» የሚል ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላል ሳይነካ ይሰነብታል። ሙስሊም እህቶቻችን በረመዳን ያን ሁሉ ቀን በጠራራ ፀሐይ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ገበያ ውለው ይገባሉ። ያ ሁሉ ጉልበት ከየት ይመጣል? ዋናው እምነት ነው፤ እሱን አሳንሰን አንናገርም። ከእምነቱ ጎን ግን ለሚጾመው ሰው የተመቻቸ ሥርዓት አለ። አንደኛ፣ የሚጀመርበት ቀን የታወቀ ነው፤ «ከሰኞ ጀምሮ ልሞክር ይሆን?» የለም። ሁለተኛ፣ ደንቡ ግልጽ ነው። «ቅባት ትንሽ ቀንሱ» አይልም፤ ይህ ይበላል፣ ይህ አይበላም ነው የሚለው። ሦስተኛ፣ ጓዳው ራሱ ይጾማል፤ ቅቤው ተከድኖ ይቀመጣል፣ ሉካንዳው ይዘጋል። አራተኛ፣ ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ነው። አምስተኛ፣ አንድ ቀን የሳተ ሰው «በቃ ጾሜ ፈርሷል» ብሎ ሁለት ወር ሥጋ አይበላም፤ ነገ ይቀጥላል።

አሁን እነዚህን አምስቱን ነገሮች ከጤና ምክራችን ጋር አስተያዩአቸው። «ጨው ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ፣ መድኃኒታችሁን አትርሱ» ስንል የመጀመሪያ ቀን የለውም፣ መጠኑ አይታወቅም፣ ጓዳው እንዳለ ነው፣ እያንዳንዷ ብቻዋን ናት፣ አንድ ቀን የሳተች ደግሞ አፍራ ትደበቃለች። በዚህ ሁኔታ የሚለወጥ ሰው ቢጠፋ ምን ይገርማል?

እንግዲህ ከዚህ ተነስተን የሚሠሩ ነገሮችን አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው፣ ሐሳብን ከሰዓትና ከቦታ ጋር ማሰር ነው። በእንግሊዝ አገር 248 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተካፈሉበት ጥናት በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። የተፈለገው በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርገው ስፖርት እንዲሠሩ ነው። ምንም ካልተነገራቸው 38 በመቶ ሠሩ። ስለ ልብ በሽታ አስፈሪነትና ስለ ስፖርት ጥቅም ካነበቡት 35 በመቶ ሠሩ፤ ማስፈራራቱ ምንም አልጨመረም። ያንኑ ካነበቡ በኋላ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ እሠራለሁ» ብለው በወረቀት ከጻፉት ግን 91 በመቶ ሠሩ። ልዩነቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

እህታችንም አሁን እንዲህ ነው የምታደርገው። ሐኪሟን አማክራ፣ መድኃኒቷን የምትወስድበት ሰዓት ወደ ማታ ተዛወረላት። ዓረፍተ ነገሯም «ማታ በሩን ስቀረቅር ክኒኔን እውጣለሁ» የምትል ናት። መድኃኒቱ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ፣ ከመቀርቀሪያው በላይ በትንሽ ከረጢት ተሰቅሏል። ቁርስ በጾም ይቀራል፤ በር ግን በጾምም በፍስክም ይቀረቀራል። ልብ በሉ፣ ሰዓት የሚለወጠው ሐኪም ሲፈቅድ ነው። በጾም ምክንያት የሚቸገር ሰው መድኃኒቱን በገዛ እጁ ከማቋረጡ በፊት ለጤና ባለሙያው ይንገር።

ሁለተኛው፣ በየቀኑ ከራስ ጋር ከመታገል አንድ ጊዜ መወሰን ነው። ጨውን እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲወስድ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። እኛ ቤት ግን ጨው በብዙ በር ይገባል። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮውም እንደዚያው። ከዚያ ወጡ ሲበስል ደግሞ እንደ አዲስ በእጅ ዘገን ይደረጋል። ምጣድ ላይ ቆማ፣ ልጅ እያለቀሰባት፣ እንግዳ እየጠበቃት «ልቀንስ ወይስ ልተው» ብላ በየቀኑ የምትከራከር ሴት አንድ ቀን መሸነፏ አይቀርም። በርበሬው ለዓመት ሲዘጋጅ ያለ ጨው ካስፈጨችው ግን ውሳኔው አንድ ቀን ነው፤ ጥቅሙ ዓመቱን ሙሉ ነው። ወጥ ላይ የሚጨመረውንም በእጅ ከመዝገን በሻይ ማንኪያ መለካት ነው። ሂሳብ የሚያዘው በልክ ነውና።

ሦስተኛው፣ ጊዜ መስጠት ነው። «ሦስት ሳምንት ሞክሬ አልሆነልኝም» የምትሉ አላችሁ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር 96 ሰዎችን ተከታትላለች። እያንዳንዱ አንድ ትንሽ የጤና ነገር መረጠ፤ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ወይም ከእራት በፊት ጥቂት መሮጥ። ነገሩ ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ሆኖ ተገኘ። ለአንዳንዱ 18 ቀን በቂ ሲሆን፣ ለሌላው ወደ 254 ቀን እንደሚደርስ ተገምቷል። ውኃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፤ ስፖርት ይዘገያል። ደግሞ አንድ ቀን መሳት የተጀመረውን ልማድ እንደማያፈርሰው አይተዋል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሞክራችሁ ያልሆነላችሁ፣ ደካሞች ሆናችሁ ሳይሆን ገና መንገድ ላይ ሆናችሁ ነው።

አራተኛው፣ አጠያየቃችን ነው። እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናዘዝ። በአንዱ ቡድናችን ግፊትና ስኳር ያለባቸው አባላት መድኃኒት መውሰዳቸውን በየአሥራ አምስት ቀኑ ስብሰባ ላይ እንዲናገሩ ተስማማን። እኛም የሂሳብ ሰዎች አይደለን? ላልወሰደች መቀጮ ይኑር አልን፤ ለስብሰባ ላረፈደች እንደሚደረገው። ከዚያ በኋላ መዝገቡ በአንድ ጊዜ አማረ። ሁሉም ወስዳለች፤ አንዲትም አላቋረጠች። አንድም ስህተት የሌለበት መዝገብ ስናይ እኛን ፍርሃት ነው የሚይዘን። እውነትም አንዷ እህት በግል መጥታ «ሳልወስድ ወሰድሁ ማለት አሳፈረኝ፤ መቀጮውን ግን ከየት አመጣለሁ?» አለችን።

መቀጮውን አነሳን። «ወስደሻል?» የሚለውን ጥያቄም «ምን አስቸገረሽ?» በሚል ተካነው። ያን ጊዜ እውነቱ ወጣ። አንዷን መድኃኒቱ ያዞራት ነበር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ስትመለስ በሌላ ተቀየረላት። አንዷ በገበያ ቀን ትረሳዋለች። አንዷ ባሏ «መድኃኒት ለምደሽ ልትቀሪ ነው» ይላታል፤ ሰብሳቢያችን ቤታቸው ሄዳ ቡና ጠጥታ አነጋገረችው። ለሌሎቹ ደግሞ ወሩ ሳያልቅ ገንዘቡ ያልቃል። አያችሁ፣ ሁሉም «አልወሰደችም» በሚል አንድ ቃል ይመዘገብ ነበር፤ ምክንያቱ ግን አራት ዓይነት፣ መፍትሔውም አራት ዓይነት ነው። ዊልያም ሚለር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ መጠጥ ያስቸገራቸውን ሰዎች ሲረዳ ያስተዋለውን በ1983 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። ሰውን ሲጫኑት ይከራከራል፤ ሲጠይቁትና ሲያዳምጡት ግን መለወጥ የሚፈልግበትን ምክንያት ራሱ ይናገራል። ከራሱ አፍ የወጣውንም ይዞ ይሄዳል።

አምስተኛው የእኛው ሙያ ነው፤ ገንዘብ። በምዕራብ ኬንያ እንደ እኛ እቁብ በተራ ገንዘብ የሚሰባሰቡ ቡድኖች ውስጥ፣ ፓስካሊን ዱፓና ጆናታን ሮቢንሰን የሚባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ያደረጉት ጥናት በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለአንዳንዶቹ ቁልፍ ያለው ተራ ሳጥን ሰጥተው «ለጤና የሚሆን አስቀምጡበት» አሏቸው። ቁልፉ በራሳቸው እጅ ነው፤ የሚከለክላቸው ሰው የለም። ሳጥኑ ብቻ ለጤና የሚያስቀምጡትን ገንዘብ በ66 በመቶ ጨመረው። ቡድኑ በጋራ ለጤና የሚያዋጣበት መንገድ ደግሞ ከዚያም የበለጠ ውጤት አመጣ። ለምን ይመስላችኋል? በቀሚስ ኪስ ያለ ብር ስም የለውም፤ ለሳሙናም ለለቅሶም ለዘመድም ይወጣል። «የጤና ነው» ከተባለ ግን እኛም እናፍረዋለን፣ ዘመድም ሲጠይቅ መልስ አለን።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለን። በየዓመቱ በምንልክላችሁ ሪፖርት ላይ «የሠለጠኑ ሴቶች ብዛት» የሚል ረድፍ አለ። ያን ረድፍ ያወጣነው እኛው ነን፤ ማንንም አንወቅስም። እህታችን በዚያ ቁጥር ውስጥ እንደ አንድ ተቆጥራለች። በሚመጣው ዓመት ግን ሌላ ረድፍ ልንጨምር እንፈልጋለን፤ ከሦስት ወር በኋላም የያዙትን ልማድ የቀጠሉ ሴቶች ስንት ናቸው የሚል። ቁጥሩ ከሠለጠኑት ብዛት በእጅጉ ያንሳል፤ ሪፖርቱም እንደ ወትሮው አያምርም። ከአዳራሽ ኪራይ የተወሰነውን ቀንሰን ለግፊት መለኪያና ለክትትል እንድናውለው ብትፈቅዱልን ደግሞ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ሲያድግ አብረን እናያለን።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። ለእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ቡድኑ ተወያይቶ ለሦስት ወር የሚይዘውን አንድ የጤና ልማድ ይምረጥ። አንድ ብቻ። መድኃኒት መውሰድ፣ ጨው መለካት፣ በእግር መሄድ፣ ከመጸዳጃ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዷም በቡድኑ ፊት «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» የምትል የራሷን ዓረፍተ ነገር ትናገር።

ሁለተኛ፣ በቁጠባ ደብተራችን መጨረሻ 30 ቤት ያለው ካርድ እናጣብቃለን፤ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ምቹ ነው። ያደረገች ምልክት ታደርጋለች፤ ያላደረገች ባዶ ትተዋለች። መቀጮ የለም። ስብሰባው የሚከፈተው «ምን አስቸገረሽ?» በሚለው ጥያቄ ነው።

ሦስተኛ፣ አቅማችን የፈቀደውን ያህል፣ አምስት ብርም ብትሆን፣ ከቁጠባው ተለይታ «የጤና» ተብላ ትመዝገብ። ለመድኃኒት፣ ለምርመራ፣ ለሳሙና ትሆናለች። አመዘጋገቡን ለእኛ ተዉት፤ ሥራችን ነው።

ከመቀመጣችን በፊት ስለ እህታችን እንጨርስ። ባለፈው ስብሰባ ካርዷን አሳየችን። ምልክቶቹ ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ በግራ እጇ መጻፍ እየለመደች ነው። በመካከሉ ሁለት ባዶ ቤቶች ነበሩ። ምን አስቸገረሽ አልናት። ለቅሶ ሄዳ ሁለት ሌሊት እዚያው አድራለች፤ የሰው ቤት በር ደግሞ የምትቀረቅረው እሷ አይደለችም። በሦስተኛው ቀን ቤቷ ገብታ ቀጥላለች። «አሁን ከቤት ሳድር የሁለት ሦስት ቀኑን ይዤ ነው የምሄደው» አለችና የነጠላዋን ጫፍ ፈታ አድርጋ የተቋጠረውን አሳየችን።

እንግዲህ ይህን በየቡድናችሁ ለመጀመር የምትፈልጉ እጃችሁን አውጡ። ጸሐፊዎች፣ እባካችሁ ቁጠሩልን።